የፖርቱጋልኛ ሰባት ቤት

ይልማዬ፣ የኔ ሊቅ፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ አንተ ያለህበት ያልተመቸው ሰው እንደሌለ አባ ደጋግመው ነግረውኛል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፤ እዚያ በምን ቋንቋ ነው የሚወራው? በሕይወት ሳለህ ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳህ ነበር። ጋሽ ወንድሙ «በግዕዝ ነው፣ አለቀ» ሲሉህ፣ አንተ ደግሞ «ታዲያ የፈረንሳይ ጻድቃን በአስተርጓሚ ነው የሚኖሩት?» ብለህ ሰውዬውን አስኮረፍካቸው። አሁን መልሱን ስላገኘኸው አንድ ቀን በሕልሜ ብቅ በልና ንገረኝ። ብቻ አሳጥረው፣ ጠዋት ሥራ ገቢ ነኝ።

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛውን በረዶ ያለ አንተ ጀመርነው። ሙት ዓመትህን በደንብ ዘክረናል። ሰዉ ወጡን እየበላ «ይልማ ቢኖር ይሄኔ ቲማቲም የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ይነግረን ነበር» እያለ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ስስቅ ዕንባዬ መጣ። የላይብረሪዋ ሴትዮ መንገድ ላይ አግኝታኝ ባልሽ ጠፋብኝ አለች። ስነግራት ከልቧ አለቀሰች፣ ዓይኗን ጠራረገች፣ ከዚያ የወሰዳቸውን መጻሕፍት መልሺልኝ አለችኝ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጠረጴዛ ስወለውል «እሱ እኮ ግሪክ ነው፣ ባለ አራት እግር ማለት ነው» የሚለኝ የለም። ካልሲ ሳጥፍ «ቀስ በያት፣ ጣልያን ናት» የሚለኝ የለም። ሳሎን ገብቼ ሶፋ ላይ ስቀመጥ «ፈረንሳይ ገብተሽ ዐረብ ላይ ተቀመጥሽ» ትለኝ ነበር። ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን ስንቱን የውጭ ዜጋ አስጠግተን እንደምንኖር ያወቅኩት ባንተ ነው። ያኔ «እባክህ ዕቃውን ተወውና ልሥራበት» እልህ ነበር። አሁን ጠረጴዛው ዝም ብሎ ጠረጴዛ ሆኖብኛል፤ ምን እንደምልህ፣ አልወደድኩትም።

ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ኬቤክ ልገንጠል አልገንጠል ብላ አገሩ ሲታመስ ትዝ ይልሃል? ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ልቡ ተሰቅሎ አንተ ብቻ ትስቃለህ። «እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ተጋብተው ስንት መቶ ዓመት ኖረው፣ አሁን ቢፋቱ ማን ምን ይዞ ይወጣል?» አልክ። ከዚያ ያንን የላም ታሪክህን አመጣኸው። ከኖርማንዲ የመጡ ጌቶች እንግሊዝን ሲገዙ ላሟን የሚጠብቀው ድሃ በራሱ ቋንቋ «ካው» ይላታል፣ ሥጋዋን የሚበላው ጌታ በፈረንሳይኛው «ቢፍ» ይላታል፤ እስከ ዛሬም በረት ውስጥ እንግሊዝ ናት፣ ድስት ውስጥ ስትገባ ፈረንሳይ ትሆናለች አልከኝ። እኔም ይሄ ምን ይገርማል፣ የሚያረባውና የሚበላው አንድ ሰው የሆነበት አገር አለ ወይ አልኩህ። በዚህ ብቻ ነው ረትቼህ የማውቀው።

ዋናው ትምህርት ቤትህ ግን ምድር ቤት ያለው ላውንደሪ ነበር። ሌላዋ ሚስት ባሏን ቡና ቤት ስትፈልግ፣ እኔ ባሌን ከልብስ ማጠቢያ ማሽን መሃል እፈልጋለሁ። ልብሱ እስኪደርቅ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ይዘህ በየቋንቋችሁ እስከ ዐሥር ቁጠሩልኝ ትላለህ፤ በብድሩ አንተም በአማርኛ መቁጠር ታስተምራለህ። ከዚያ፣ ምን ይሁን ብለህ እንደሆነ እንጃ፣ የሰዉን ልብስ ማጠፊያው ገበታ ላይ ትዘረጋዋለህ። ትልቁ ፎጣ ስሟ የጠፋው የሁሉም እናት፤ ከሷ ሥር የትራስ ልብሱ ላቲን፤ ከላቲን ሥር ጣልያንኛ፣ ስፓኝኛ፣ ፈረንሳይኛና ፖርቱጋልኛ ካልሲ ሆነው ይደረደራሉ። በዚህ በኩል እንግሊዝና ጀርመን፣ በወዲያ በኩል ሩሲያ፣ ጥጉ ላይ ፋርስና ሕንድ። ባስክ የሚሉት ዘመዱ ያልታወቀ ቋንቋ አለ አይደል፣ እሱ ጥንዷ የጠፋባት ካልሲ ነበረች። ጀርመንኛ ያደረግከው የውስጥ ሱሪ ባለቤት መጥቶ እንዴት እንደጮኸብህ እስክሞት አልረሳውም።

ኢራናዊቷ ጎረቤታችን እናቷን «ማዳር»፣ ወንድሟን «ባራዳር» ስትል፣ እንግሊዙ ደግሞ «ማዘር»፣ «ብራዘር» ሲል፣ አንተ የጠፋ ወንድምህን ያገኘህ ይመስል ደስታህ ወሰን የለውም። ከሕንድ እስከ ፖርቱጋል አንድ ቤተሰብ ናቸው እያልክ ሰውን ሁሉ ታስተቃቅፋለህ።

መጨረሻ ላይ ግን ሁልጊዜ የኔን ነጠላ ከቅርጫቱ አውጥተህ ከገበታው ወዲያኛው ጫፍ ታስቀምጣታለህ። «እኛ እዚህ ነን» ትላለህ። ብቻዋንም አልነበረችም፤ ሰባትን «ሰብዓ»፣ ራስን «ራስ» የሚለው የሱዳኑ ጎረቤታችን ጥምጣም አጠገቧ ነበር። አንተ ግን ዓይንህ ወደዚያኛው ጫፍ ነው። በሰዎቹ ቋንቋ ሥራ ለምነህ፣ ተሰድበህ፣ ተመስግነህ፣ በሽታህን ሳይቀር ነግረህ፣ ከነሱ ጋር በአንዲት አያት እንኳ አለመገናኘታችን ከነከነህ። «ቃል ወደ ቤት የሚገባው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ይወለዳል ወይ በጋብቻ ይመጣል። እኛ ከነዚህ ጋር ጠረጴዛና ካልሲ ተጋባን እንጂ በሥጋ አንዛመድም እኮ፣ ብርቄ» አልከኝ። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ፣ ምን ቸገረህ አልኩህ። አንተ ግን የእውነት አዝነህ ነበር፤ ያ ፊትህ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ስለ ጋሽ ወንድሙም ሳላነሳ አላልፍም፤ ለነገሬ ያስፈልጉኛል። የእድራችን ሊቀመንበር እንደመሆናቸው ለሁሉ ነገር የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው፤ የሳቸው ቃል ደግሞ የአውሮፓ ቋንቋ በሙሉ ከግዕዝ የተዘረፈ ነው የሚል ነው። ቀንድን ግዕዝ «ቀርን»፣ ላቲን «ኮርኑ» ማለታቸውን ይዘው ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው ሲፎክሩ፣ አንተ «ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ኮት ስለለበሰ ወንድማማች አይባልም» አልካቸው። ይሄ አነሰ ብለህ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ዲያቆናቱ በተሰበሰቡበት፣ ግዕዝ ለአማርኛ አክስት ናት እንጂ እናት አይደለችም ብለህ አረፍከው። እግዚኦ! የሰው እናት የሰደብክ ነበር የሚመስለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲያገኙህ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ያልፉሃል እንጂ አፍ አልከፈቱልህም። ስንቀብርህ ግን «ከእንግዲህ ከማን ጋር እከራከራለሁ» እያሉ ከኔ ብሰው አለቀሱ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ፣ ተቀመጥ። ልጅህ ሶስና ልታገባ ነው። ልጁ ፓውሎ ነው፤ ሕንጻችንን የሚጠብቀውና የሚጠግነው የሱፐሩ፣ የፖርቱጋሉ የሙሴ ጆዜ ልጅ፣ ኤሌክትሪሺያኑ። አዎ፣ እሱ፤ ላውንደሪ ማድረቂያ ሊጠግን እየወረደ ከሁሉ በላይ በትዕግሥት ያዳምጥህ የነበረው። እኔስ የዕውቀት ጥማት ያለው ልጅ መስሎኝ ነበር። ማድረቂያው በየሳምንቱ የሚበላሸው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ምሳ ደረሰ ብላ ልትጠራህ የምትወርደው ሶስና ነበረቻ!

ልጅህ «ማሚ፣ ሲቲ ሆል ሄደን ሳይን እናደርጋለን፣ ኢትስ ሲምፕል» አለችኝ። ሲምፕል! አባቷ በሌለበት፣ በር ሳይንኳኳ፣ ሽማግሌ ሳይመርቃት ልጄን በፊርማ ልሸኛት? አንድ ልጅ ነች ያለችን። ያባቷ ቤት ባዶ ነው ተብሎ እንደ ዕቃ ብድግ ብላ ከወጣች አንተን በምን ዓይኔ አይሃለሁ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። ስታየኝ ደነገጠች። «ኦኬ፣ ሽማግሌ ይላኩ፣ በት ዋን ታይም ኦንሊ» አለች። ሃይማኖቱን ለአባ ትቼዋለሁ፤ ልጁ እማራለሁ ብሏል። እኔን ያስጨነቀኝ ያ «ዋን ታይም» ነው።

ባንተ ቦታ የሚቀመጥ ሰው ስለሚያስፈልገኝ ጋሽ ወንድሙን ለመንኳቸው። ሙሴ ጆዜ ከረባት አስሮ፣ ታናሽ ወንድሙን አስከትሎ፣ የሣንቃ ያህል የደረቀ የጨው ዓሣ ተሸክሞ መጣ፤ ለካ በነሱ ዘንድ ትልቅ ስጦታ ነው። ጋሽ ወንድሙ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ የመጡበትን ሰምተው፣ እንደ ወጉ «እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። እኛ ጋ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ያቀለለ መሆኑን ሙሴ ጆዜ የት ያውቃል? ልጄን ናቁት ብሎ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ወጣ። በማግስቱ ሊፍቱ ቆመ። አጋጣሚ ይሆናል፤ ግን ድንችና ሽንኩርት ተሸክሜ ያንን ሁሉ ደረጃ ስወጣ አጋጣሚ አልመሰለኝም። ሶስናማ ኮቷን ለብሳ «ሲ? አይ ቶልድ ዩ። አርብ ሲቲ ሆል ነን» ብላኝ በሩን ድርግም አደረገችው።

ምን ላድርግ? ቤታቸው ወረድኩና በዚያች በምታውቃት እንግሊዝኛዬ፣ እኛ ኖ የምንለው የስ ለማለት ስንዘጋጅ ነው ብዬ አስረዳሁ። ሙሴ ጆዜ ግራ ገባው። ሚስቱ ግን ሳቀች፤ እኔም እሱን ሁለቴ ነው የመለስኩት አለችኝና እጄን ያዘች። ሊፍቱ ከሰዓት በኋላ ሠራ፤ ሶስናም አርብን ለእሑድ አዘዋወረችው።

እሑድ መጡ። ፓውሎም አብሮ መጣ፣ ሶስና ላንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ብላ አጠገቡ ቆማለች። ነገሩ አልቋል ብዬ ሳመሰግን ጋሽ ወንድሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ። በሆዴ አፈር ስሆን አልኩ። አንዱ ከአትላንቲክ ደሴት፣ አንዷ ከጎንደር ወገን፣ የት ይገናኛሉ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ «ፖርቱጋሎች ባፄዎቹ ዘመን ጎንደር ድረስ መጥተው ተዋልደው የለም እንዴ? ማን ከማን እንደተወለደ አንቺ ታውቂያለሽ?» አይሉም! ያ ከሰባት ቤት እጅግ የራቀ ነው ብል ማን ሰምቶኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይሄ ነው።

ሙሴ ጆዜ ጀመረ። ልጁን ቆጠረ፣ ራሱን ቆጠረ፣ አባቱን ቆጠረና እዚያው ቆመ። አባቱ ከገዳም ደጃፍ የተገኘ ሕፃን ነበር፤ የማን እንደሆነ እስከ ሞቱ አላወቀም። ይህን የተናገረው ወለሉን እያየ ነው። ያን ጊዜ ጋሽ ወንድሙን ባንቃቸው ደስ ባለኝ። እሳቸውም የማይሆን ነገር መናገራቸው ገብቷቸዋል፣ ግን ሊቀመንበር አይደሉ፣ ቃላቸውን በምን ይመልሱት? ሶስና ቦርሳዋን አነሳች። በቃ፣ ልጄ ሄደች፣ ያለ ምርቃት ሄደች አልኩ።

ይልማዬ፣ እንግዲህ ስማ። ፓውሎ ብድግ አለና «ጋሽ ወንድሙ፣ እኔ ልቁጠር?» አለ፣ በአማርኛ። ከዚያ ልክ እንዳንተ ከትንሿ ጣቱ ጀምሮ እያጠፈ፣ ቁጥሩን በአማርኛ፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ፣ ሶስና ቆማ እያስተረጎመች ቆጠረልህ። አያቴን ማን እንደወለደው አላውቅም፤ አፉን የፈታበትን ቋንቋ ማን እንደወለደው ግን ሚስተር ይልማ አስተምሮኛል አለ። አንድ ቤት፣ የደሴታችን አነጋገር። ሁለት ቤት፣ የወለደው ፖርቱጋልኛ። ሦስት ቤት፣ ፖርቱጋልኛ ከጎረቤቱ ከጋሊሲያ ሳይለይ አንድ የነበረበት ጊዜ። አራት ቤት፣ የሮማ ወታደሮችና ነጋዴዎች ይዘውት የመጡት የገበያ ላቲን። አምስት ቤት፣ ጥንታዊው ላቲን። ስድስት ቤት፣ ላቲንን ከነእኅቶቿ የወለደች የጣልያን ምድር ቋንቋ። ሰባተኛው ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። ሰባት ቤት፣ ያቺ ስሟ የጠፋው፣ ማንም ያልጻፋት፣ ትልቋ ፎጣ አለ። ሶስና «ፎጣ» ብላ ስትተረጉም ጋሽ ወንድሙ ዞር ብለው አዩኝ፤ እኔ እያለቀስኩ ነበር፣ ምን ብዬ ላስረዳቸው።

ጋሽ ወንድሙ «የኛስ?» አሉ። ማን ይመልስ? እኔ ስትናገር ግማሹን ድስት ላይ ሆኜ ነው የሰማሁህ። ሶስና ነች የቆጠረችው። አማርኛ አላምርሽ ያላት፣ «ዳድ፣ ፕሊዝ፣ ናት አጌን» እያለች ጆሮዋን የምትይዘው ልጅህ፣ በዚያ በሚሰነካከለው አማርኛዋ አንድ በአንድ ወጣችው። አማርኛ አለች፤ ከአርጎብኛ ጋር የወለደቻት እናቷ አለች፤ ከሐረሪ ጋር የሚጋሯት አያት አለች፤ አራተኛዋ ጉራጌዎቹን ትሰበስባለች አለች። አምስተኛው ቤት ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ሽማግሌውን አየቻቸው። «እዚህ ጋ ግዕዝ ትመጣለች... ባባዬ አነጋገር፣ እንደ አክስት» አለች።

ሙሴ ጆዜ ሳይቀር ምን እንደተነካ ባያውቅም ጋሽ ወንድሙን አየ። ጋሽ ወንድሙ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና «ቀጥይ፤ ለዛሬ አክስት ትሁን» አሉ። በስድስተኛው ዐረብኛንና ዕብራይስጥን፣ በሰባተኛው ሶማልኛን፣ ኦሮምኛንና የጥንት ግብፅን ይዛ ጨረሰችው። የትም ቦታ ላይ ከፎጣይቱ ቤት ጋር አልተገናኘችም።

ጋሽ ወንድሙ ተነሡ። «ሰው ዘሩ ቢጠፋበት አፉ ይመሰክርለታል። ሁለቱን ወገን ሰማን፤ በሰባት ቤት አይገናኙም። ስለማይዛመዱ መጋባት ይችላሉ» ብለው ፈረዱ። እልልታዬ እስከ ላውንደሪ ሳይሰማ አይቀርም። ከዚያ ልጆቹን አንበርክከው ባንተ ስም መረቁልኝ፣ በይልማ ቤት ብለው፣ በይልማ ወንበር ተቀምጠው። ሙሴ ጆዜን አቅፈው ሲስሙት ሰውዬው ወጉን ለምዶት ኖሮ ደግሞ ሌላ ቀን እንመለስ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ዓሣውን የሙሴ ጆዜ ሚስት መጥታ እንዴት እንደሚሠራ አሳየችኝ፤ በጾም ይበላል አይበላም ብለው ደግሞ ጋሽ ወንድሙ ከአባ ጋር ተያይዘዋል፣ ደስ ይበልህ። ትናንት የሷን ቀይ የጠረጴዛ ልብስና የኔን ነጠላ ባንድ ማሽን ብከታቸው ነጠላዬ ሮዝ ሆና ወጣች። ድሮ ቢሆን ቤቱን በጩኸት እገለብጠው ነበር። አሁን ግን ቋንቋም ሲጋባ እንዲሁ ነው ትለኝ ነበር ብዬ ብቻዬን ሳቅኩና ማጠፊያው ገበታ ላይ፣ ካልሲዎቹ መሃል ዘረጋኋት።

አልረሳህም፣ ይልማዬ። ጠረጴዛውን ስወለውል ግሪክነቱን ለራሴ እነግረዋለሁ፣ ካልሲዋንም ቀስ እላታለሁ። እግዚአብሔር ፈቅዶ የልጅ ልጅ ስናይ፣ እኔን «አያቴ»፣ የፓውሎን እናት በፖርቱጋልኛው «አቮ» ይለናል፤ የትኛው ቃል የተወለደ፣ የትኛው በጋብቻ የመጣ እንደሆነ ላውንደሪ አውርጄ አስተምረዋለሁ፣ የሰው ልብስ ግን አልነካም። አንተም አንዛመድም ብለህ ያዘንከውን ሐዘን ከዛሬ ጀምሮ ተወው። እንኳንም አልተዛመድን፤ ብንዛመድ ኖሮ ልጃችንን ለማን እንድራት ነበር?

ያንተው ብርቄ